ፕሪንተር ከመግዛትዎ በፊት የቀለሙን ዋጋ ይጠይቁ

ስለ ቤት ፕሪንተር የጻፋችሁልኝን ጥያቄዎች ለዚህ እትም አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሥራዬ ፕሪንተር መጠገን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሰበሩ አይደሉም። ወይ የቀለማቸው ዋጋ ባለቤቱን አማሯል፣ ወይ ቀለሙ ውስጣቸው ደርቋል። ሁለቱንም ገና ሲገዙ ጠይቆ ማወቅ ይቻል ነበር። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመው ርካሹን የገዙት ናቸውና።

ጥያቄ፦ ሁለት ተማሪ ልጆች አሉኝ። የቤት ሥራና የመለማመጃ ጥያቄ ለማተም በወር 45 ገጽ አካባቢ ያስፈልገናል። አብዛኛው ጥቁር ጽሑፍ ነው፤ አልፎ አልፎ ሥዕልና ካርታ አለበት። ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ በጣም ርካሽ ባለ ካርትሪጅ ነው፤ ቀለሙ ሲያልቅ የቀለም መያዣው ራሱ ይቀየራል። ሁለተኛው ከጠርሙስ ቀለም የሚሞላ ባለ ታንክ ሲሆን ዋጋው የርካሹን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር ነው። የትኛው ያዋጣኛል? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ የወር ገጽዎን ቆጥረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው «ጥሩ ፕሪንተር የቱ ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቀኛል። በወር ስንት ገጽ እንደሚያትም ካልነገረኝ ለዚህ መልስ የለኝም።

ከርካሹ እንጀምር። ካርትሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ወይም በአምራቹ መግለጫ ላይ ስንት ገጽ እንደሚያወጣ ይጻፋል። ቁጥሩ እንዲሁ የተገመተ አይደለም። ለኢንክጄት (በፈሳሽ ቀለም ለሚያትመው) አይኤስኦ 24711፣ ለጥቁር ሌዘር ደግሞ አይኤስኦ 19752 የሚባሉ ዓለም አቀፍ የመለኪያ ደረጃዎች አሉ። አምራቾቹ በየደረጃው የተወሰነውን አንድ ዓይነት የሙከራ ገጽ እያተሙ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ የአንዱን ፕሪንተር ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ይቻላል። ለምሳሌ ኤችፒ 305 የሚባለው ትንሹ ጥቁር ካርትሪጅ 120 ገጽ፣ ባለ ቀለሙ ደግሞ 100 ገጽ ያወጣል ተብሎ ተለክቷል። «ኤክስኤል» የተባለው ትልቁ 240 እና 200 ነው።

አሁን ሂሳቡን በእርስዎ ቤት እናስላው። በወር 45 ገጽ ማለት በዓመት 540 ገጽ ነው። በ120 ሲካፈል አራት ካርትሪጅ ተኩል ይሆናል። የአንዱ ካርትሪጅ ዋጋ የፕሪንተሩ ሲሶ ነው እንበል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለጥቁር ቀለም ብቻ የፕሪንተሩን ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል ከፈሉ ማለት ነው። በ16ኛው ወር ላይ የፕሪንተሩና የቀለሙ ወጪ ተደምሮ ባለ ታንኩን ሊገዛልዎ ይችል ነበር። ባለ ቀለሙን ካርትሪጅ ደግሞ ገና አልቆጠርነውም። ሲሶ ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቀው በእጅ ስልክዎ ያስሉት። የካርትሪጁን ዋጋ ለገጹ ቁጥር ያካፍሉት፣ የአንድ ገጽ ወጪ ይመጣልዎታል። ሦስቱንም ፕሪንተሮች በዚህ አስልተው ያስተያዩ።

ሦስት ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ከአዲስ ፕሪንተር ጋር የሚመጣው ካርትሪጅ ወይም ቶነር (የሌዘር የዱቄት ቀለም) ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። «ስታርተር» ይሉታል፤ ከሱቅ ከሚገዛው ያነሰ ገጽ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቶሎ ቢያልቅ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሌላው፣ የተጻፈው የገጽ ቁጥር የሚሠራው ለተራ ጽሑፍ ነው። ጥቁር ጽሑፍ ከገጹ 5 በመቶ ገደማውን ብቻ በቀለም ይሸፍናል ተብሎ ይታሰባል። የልጅዎ ካርታ ግማሹን ገጽ ከሸፈነ ያ አንድ ገጽ የአሥር ገጽ ቀለም ይጨርሳል።

ሦስተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው። በርካሾቹ ፕሪንተሮች ላይ ሦስቱ ቀለማት፣ ማለትም ሰማያዊው፣ ቀዩና ቢጫው፣ አንድ ካርትሪጅ ውስጥ ናቸው። ልጆች ሰማይና ባሕር ሲያትሙ ሰማያዊው ቀድሞ ያልቃል። ያኔ ቢጫና ቀይ ቀለም እያለበት ካርትሪጁ ይጣላል። የተከፈለበት ቀለም ነው የሚጣለው።

ባለ ታንኩ ይህ የመጨረሻው ችግር የለበትም። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ታንክ አለው፣ ያለቀውን ብቻ ይሞላሉ። ኤፕሰን በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ፕሪንተር በኢንዶኔዥያ ለሽያጭ ሲያቀርብ ምክንያት ነበረው፤ ሰዉ ከካርትሪጁ ጎን ቱቦ እየቀጠለ በራሱ ቀለም መሙላት ጀምሮ ነበር። ዛሬ ካነን፣ ኤችፒና ብራዘርም ይሠሩታል። ኤፕሰን 103 የሚባለው የጥቁር ቀለም ጠርሙስ 65 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ 4500 ገጽ ያወጣል። ሦስቱ ባለ ቀለም ጠርሙሶች በጋራ 7500 ገጽ ያወጣሉ።

እዚህ ጋ ግን ቆም ብለው ያስቡ። 4500 ገጽ በወር 45 እያተሙ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ይፈጃል። ማለትም ባለ ታንኩ ከሚያድንልዎ ገንዘብ ውስጥ የሚጠቀሙበት ትንሹን ነው። ዋናው ጠላቱ ደግሞ መቀመጥ ነው። ፈሳሽ ቀለም በጣም ቀጭን በሆኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሳይታተም ከቆየ እዚያው ይደርቃል።

ሌዘር ቀለሙ ዱቄት ነው፣ ቶነር ይባላል። ዱቄት አይደርቅም። ልጆቹ ለክረምት እረፍት ወጥተው ፕሪንተሩ ሁለት ወር ሳይነካ ቢከርም የመጀመሪያው ገጽ ጥርት ብሎ ይወጣል። ኤችፒ 85ኤ ወይም ካነን 725 ቶነር 1600 ገጽ ያወጣል። በእርስዎ ልክ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ጽሑፉ ውሃ ቢነካውም አይፈስም። ጉድለቱ ባለ ቀለም አለማተሙ ነው። ሌላም አለ፤ ሌዘር ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ፊውዘር ነው። ለመሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዋት ይስባል። ለኮምፒውተር የተገዛ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ አይሰኩት፤ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ባለ ታንኩ ሲያትም የሚወስደው ከ20 ዋት በታች ነው። ቤትዎ በባትሪ ወይም በሶላር የሚሠራ ከሆነ ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ባለ ቀለም ገጽ በሳምንት አንድ እንኳን በእርግጠኝነት የምታትሙ ከሆነ ባለ ታንኩን ይግዙ። ያቺ የሳምንት ገጽ ራሷ ቀለሙን ከመድረቅ ትጠብቃለች። ከዚያ ካነሰ ጥቁሩን ሌዘር ይግዙና ባለ ቀለሟን ካርታ ውጭ ያሳትሙ። ርካሹን ግን ተዉት። ከዚህ ሌላ ኮፒና ስካን ያለበትን ቢመርጡ ለተማሪ ቤት በጣም ይጠቅማል። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ የዚያው ሞዴል ቀለም ወይም ቶነር መደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሕይወቴን ማስታወሻ እየጻፍኩ ነው። ባለ ታንክ ፕሪንተር ገዛሁ። ታምሜ ለጥቂት ወራት ሳልነካው ቆየሁ። አሁን ጽሑፉ መሐል መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። «ማጽጃ» የሚለውን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ቀለሙ እየቀነሰ ነው እንጂ ለውጥ የለም። ልጣለው? (ጡረተኛ አንባቢ)

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ለጤናዎ አበቃዎት። አይጣሉት። መጀመሪያ ግን ማጽጃውን መጫን ያቁሙ። እያንዳንዱ ማጽጃ ቀለም ከታንኩ ስቦ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ነው የሚያፈሰው።

መጀመሪያ «ኖዝል ቼክ» የሚለውን ያትሙ። ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት ገጽ ይወጣል። የተቆራረጠ መስመር ካለ ያ ቀለም ተደፍኗል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ያጽዱ፣ እንደገና ኖዝል ቼክ ያትሙ። እንዲህ እያፈራረቁ እስከ ሦስት ጊዜ ይሞክሩ። መሻሻል ከሌለ ፕሪንተሩን ያጥፉና ቢያንስ 12 ሰዓት ይተዉት፤ አዳሩን ማለት ነው። የደረቀው ቀለም በእርጥቡ እየራሰ ይላቀቃል። በማግስቱ እንደገና ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ ከእጄ ሥራ ይልቅ ይህ የአንድ ሌሊት ትዕግሥት ነው የሚፈውሰው።

ከዚህም በኋላ እንቢ ካለ «ፓወር ክሊኒንግ» የሚባል ከባድ ማጽጃ በብዙ ሞዴሎች ላይ አለ። እሱን ከመጠቀምዎ በፊት ታንኮቹ ሁሉ ቢያንስ ሲሶ ያህል መሙላታቸውን ይመልከቱ። ቀለም ባነሰበት ካስነሱት አየር ስቦ ይብስበታል። ያም ካልሠራ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሲወስዱት አያዘንብሉት፣ ቀለሙ ውስጡ ይፈሳል።

ወደፊት ሁለት ነገር ይያዙልኝ። ፕሪንተሩን በራሱ ማጥፊያ ብቻ ያጥፉ። እንዲህ ሲያጠፉት የሚያትመው ክፍል ወደ ማረፊያው ሄዶ በጎማ ክዳን ይከደናል። ከሶኬቱ ነቅለው ወይም ማከፋፈያውን ዘግተው ካጠፉት ሳይከደን ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ነው የሚደርቀው። በየሳምንቱ ደግሞ አራቱም ቀለማት ያሉበት አንድ ትንሽ ገጽ ያትሙ። ሥራ ባይኖርዎትም ኖዝል ቼኩ ራሱ ይበቃል።

ያ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ያልኩት ስፖንጅ ነው። ሲሞላ ፕሪንተሩ መልእክት አውጥቶ ማተም ያቆማል። በአንዳንድ ሞዴል ባለቤቱ ራሱ የሚቀይረው ሳጥን ነው፣ በአንዳንዱ ግን ተፈቶ ነው የሚቀየረው። አዲስ የሚገዛ ሰው ይህንንም ይጠይቅ። እርስዎ ብዙ ስላጸዱ የእርስዎ ቀድሞ ሊሞላ ይችላል፤ መልእክቱ ሲመጣ እንዳይደነግጡ። ፕሪንተሩ አልሞተም።

ማስታወሻዎን ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጡት ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ ባለ ታንክ ጥቁር ቀለም «ዳይ» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። «ፒግመንት» የሚባለው ይሻላል። በጠርሙሱ ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ዓይነቱን ግን ቀላቅለው እንዳይሞሉ፤ ለሞዴሉ የተባለውን ብቻ ነው የሚቀበለው። የመጨረሻውን ንጹህ ቅጂ በሌዘር ቢያሳትሙት ደስ ይለኛል። የሰው ሕይወት የተጻፈበት ወረቀት በአንድ ብርጭቆ ውሃ መጥፋት የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጆች አስጠናለሁ። በወር 350 ገጽ ያህል በጥቁር ሌዘር አትማለሁ። ኦሪጅናል ቶነር አልቻልኩም። ሪፊል ማስደረግ (ባዶውን ማስሞላት) ወይም ሌላ ድርጅት የሠራውን፣ ተመሳሳይ የሚባለውን መግዛት ፕሪንተሬን ይጎዳዋል? (አስጠኚ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአንተ ልክ 1600 ገጽ የሚያወጣ ቶነር አምስት ወር አይሞላም። ስለዚህ ሪፊል ማሰብህ ትክክል ነው። በደንብ ከተሠራ ፕሪንተሩን አይጎዳም።

በደንብ መሠራቱን እንዴት ታውቃለህ? በብዙ ትናንሽ ሌዘሮች ላይ ካርትሪጁ ዱቄት ብቻ አይደለም የያዘው። ምስሉ የሚቀረጽበት ድራምም እዚያው ውስጥ ነው። ከድራሙ ላይ የተጠረገው ትርፍ ዱቄት የሚጠራቀምበት ክፍልም አለ። ቀዳዳ በስቶ ዱቄት ብቻ የሚጨምር ሰው ያንን ክፍል አያራግፈውም። ሞልቶ ሲፈስ ወረቀትህ ይቆሽሻል። ስለዚህ ካርትሪጁን ፈትቶ፣ አራግፎ፣ ለሞዴሉ የሚስማማውን ዱቄት የሚሞላ ሰው ፈልግ። ድራሙ ደግሞ ያልቃል። ገጹ ግራጫ ሆኖ መውጣት ከጀመረ፣ ወይም አንድ ነጠብጣብ በየ7.5 ሳንቲ ሜትሩ ከተደጋገመ፣ በብዙ ትናንሽ ሌዘሮች ችግሩ ድራሙ ነው፤ የዙሪያው ርዝመት ያን ያህል ነውና። ያኔ ሌላ ዱቄት መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ብራዘር ድራሙን ከቶነሩ ለይቶ ነው የሚሸጠው። ለምሳሌ ቲኤን 2320 ቶነር 2600 ገጽ ሲያወጣ፣ ዲአር 2300 ድራም 12000 ገጽ ድረስ ይቆያል። ብዙ ለሚያትም ሰው ይህ አሠራር ያዋጣል።

ተመሳሳይ የሚባለውን ስትገዛ ቺፑን፣ ማለትም ፕሪንተሩ ካርትሪጁን የሚለይበትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ክፍል፣ ጠይቅ። ኤችፒ «ዳይናሚክ ሴኩሪቲ» የሚለው አሠራር ባላቸው ፕሪንተሮቹ ላይ፣ የኤችፒ ያልሆነ ቺፕ ያለው ካርትሪጅ ፈርምዌሩ (የፕሪንተሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ከታደሰ በኋላ ሥራ ሊያቆም ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ይህ በብዙ ተጠቃሚዎች ላይ ደርሶ ትልቅ ቅሬታ አስነስቷል። አዲስ ፕሪንተር ስታስገባም «ኤችፒ ፕላስ» የሚል ግብዣ ከመጣልህ ሳታነብ አትቀበል። ከተቀበልክ ሁልጊዜ ኢንተርኔትና ኦሪጅናል ቀለም ይጠይቅሃል። ሪፊል ለሚያስብ ሰው አይሆንም። የገዛ ሰው ምን እንደሚሞላበት የመወሰን መብቱ የራሱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዱቄት ከፈሰሰብህ በደረቅ ጨርቅ አንሳው፣ ልብስህን በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው። ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል። በቤት ቫክዩም አትሳበው፣ ዱቄቱ ደቃቅ ስለሆነ አልፎ ወደ አየር ይወጣል።

ስለ ቁጠባ ደግሞ፣ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ ማተም ቶነር አይቆጥብም፤ ወረቀት ግን በግማሽ ይቀንስልሃል። በዓመት 4200 ገጽ በአንድ በኩል ስታትም ከስምንት ደስጣ (ባለ 500 ቅጠል እሽግ) ወረቀት በላይ ነው። በሁለቱም በኩል ከሆነ አራት ደስጣ ከጥቂት ይበቃሃል። ቶነር ቆጣቢ የሚባለውን የማተሚያ ምርጫ ለራስህ ማስታወሻ ተጠቀምበት። ለትንንሾቹ ልጆች አማርኛ ስታትም ግን አጥፋው። ሉ እና ሊ፣ ቁ እና ቂ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። ፊደሉ አንሶና ፈዝዞ ከወጣ ማንበብ ገና የሚማር ልጅ ይደናገራል። እዚያ ላይ ቶነር አይቆጠብም።

ጥያቄ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሌዘር በጣም በርካሽ እየሸጠ ነው። ልግዛው? (ሥራ ጀማሪ)

መልስ፦ ያገለገለ ጥሩ ሌዘር ከአዲስ ርካሽ ኢንክጄት ይሻላል። ሦስት ነገር ግን አጣራ። የፕሪንተሩን የራሱን የሁኔታ መግለጫ ገጽ አሳትም፤ እስከ ዛሬ ስንት ገጽ እንዳተመ እዚያ ላይ ተቆጥሯል። ከዚያ በኮምፒውተርህ ላይ ሊሠራ የሚችል ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያግባባ ፕሮግራም) እንዳለው ከአምራቹ ድረ ገጽ እይ፤ ያረጁ ሞዴሎች በዚህ ነው የሚወድቁት። በመጨረሻም የቶነሩን ዋጋ ጠይቅ። ለትልቅ ቢሮ የተሠራ መሣሪያ የአንድ ገጽ ወጪው ትንሽ ቢሆንም አንዱ ቶነር በአንድ ጊዜ የሚጠይቅህ ገንዘብ ከራሱ ከፕሪንተሩ ሊበልጥ ይችላል። አሥር ገጽ ሳታቋርጥ አሳትመህም ተመልከት። ወረቀት ከጎተተ፣ ከሸበሸበ ወይም ዱቄቱ በጣት ከተጠረገ ተወው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በወር ከአሥር ገጽ አይበልጥም የማትመው። የትኛው ርካሽ ፕሪንተር ይሻለኛል? (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢ። በወር አሥር ገጽ የትኛውንም ፕሪንተር አያዋጣም። ኢንክጄት ከገዛሽ ከምታትሚው ይልቅ ለማጽጃ የሚሄደው ቀለም ሊበልጥ ይችላል። ኮፒ ቤት አሳትሚ። ፋይሉን ከመውሰድሽ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪው። እንዲያ ካደረግሽ የአማርኛው ፊደል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን አይሆንብሽም፣ የገጹም አቀማመጥ አይዛባም። አትመሽ ስትጨርሺ ፋይሉ ከእነሱ ኮምፒውተር ላይ መሰረዙን አይተሽ ውጪ።